ቁልፉ ተዘግቶ የማይጠፋው ሞተር፦ የአሮጌ መኪኖች እንቆቅልሽ ከኒደርራድ እስከ አዲስ አበባ

ከፍራንክፈርት መሃል ከተማ በስተደቡብ ምዕራብ፣ ከማይን ወንዝ ማዶ በምትገኘው የኒደርራድ ሰፈር ብሩኽፌልድሽትራሰ የሚባል ጎዳና አለ። አርክቴክቱ ኤርንስት ማይ እ.ኤ.አ. በ1926 እና በ1927 ያሠራቸው፣ ፊታቸው እንደ መጋዝ ጥርስ እየወጣና እየገባ የተደረደሩ የመኖሪያ ቤቶች እዚያው ይታያሉ፤ ነዋሪው «ዚክዛክሃውዘን» በሚል ቅጽል ስም ይጠራቸዋል። ቤቶቹ የከበቡት ግቢ ድምፅን ከግድግዳ ወደ ግድግዳ የሚያቀባብል ነው። እንዲህ ባለ ሰፈር፣ በአንድ የበጋ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ የ1960ዎቹ ሥሪት የሆነ ቮልስዋገን ከአንድ ሰዓት የአውቶባን ጉዞ ተመልሶ ቆመ እንበል። አሽከርካሪው ቁልፉን ወደ ኋላ ያዞራል፤ መብራቶቹ ይጠፋሉ፤ ቁልፉን ነቅሎ ኪሱ ይከታል። ሞተሩ ግን አይጠፋም። ይንቀጠቀጣል፣ ያስላል፣ ለአፍታ የቆመ መስሎ እንደገና ይነሣል፤ መጨረሻ ላይ መኪናውን በሙሉ አንድ ጊዜ ነቅንቆ ጸጥ ይላል። መስኮት የከፈቱ ጎረቤቶችም አሉ። የጀርመን የትራፊክ ደንብ በአንቀጽ 30 ሞተርን ያለ ምክንያት ማስጮኽን ይከለክላል፤ ቁልፉን በኪሱ ይዞ ለቆመ ሰው ግን ደንቡ የሚሰጠው ምክር የለም።

የጀርመን መካኒኮች ይህን ሁኔታ «ናኽዲዝልን» ይሉታል፤ የቤንዚን ሞተር ከጠፋ በኋላ እንደ ናፍጣ ሞተር መሥራቱን ለማለት ነው። በኢትዮጵያም ቢሆን ችግሩ እንግዳ አይደለም። በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ለአሥርተ ዓመታት ሲመላለሱ የኖሩትን ሰማያዊና ነጭ ላዳ ታክሲዎች ያወቀ ተሳፋሪ፣ ሹፌሩ ቁልፉን ዘግቶ ሂሳብ ሲቀበል ሞተሩ ብቻውን ሲያጉረመርም መስማቱን ያስታውስ ይሆናል። ቮልስማ በኢትዮጵያ ከመኪናም በላይ የዘመን ምልክት ነው። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው ወርደው ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት የተወሰዱት በአንዲት ቮልስዋገን መሆኑን የማያውቅ አዋቂ ጥቂት ነው።

በፍራንክፈርትና በአካባቢዋ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድም ወደዚህች ከተማ መብረር ከጀመረ እ.ኤ.አ. ከ1958 ወዲህ ነው። ከእነዚህ ነዋሪዎች መካከል የአባቱን ዘመን መኪና ገዝቶ ማደስ የሚመኝ ሰው በጀርመን ሕግ የሚያግዘው ነገር ያገኛል። ከተመረተ 30 ዓመት የሞላው፣ በመጀመሪያ ይዘቱ የተጠበቀ መኪና ከእ.ኤ.አ. 1997 ጀምሮ በቁጥሩ መጨረሻ «ሃ» የተሰኘችውን የጀርመን ፊደል የያዘ ልዩ ሰሌዳ ሊያወጣ ይችላል፤ ዓመታዊ ግብሩ ቋሚ ሲሆን፣ የፍራንክፈርት ከተማ እ.ኤ.አ. በ2008 ካቋቋመችው የአየር ብክለት መከላከያ ቀጠና ገደብም ነፃ ይሆናል። ነገር ግን ሰሌዳው ካርቡሬተር የሚያውቅ ባለሙያ አብሮ አይሰጥም። ዛሬ በየጋራዡ ያለው ወጣት መካኒክ ኮምፒውተር ሰክቶ ስሕተት ማንበብን የተማረ ነው፤ ቮልስ ደግሞ የሚሰካበት ቀዳዳ የላትም። በዚህ የተነሣ አንድ ብሎን በማዞር ሊድን የሚችል ሞተር ቴስታታው ተፈትቶ፣ ጓርኒሲዮኑ ተቀይሮ፣ ብዙ ገንዘብ ከወጣ በኋላ ተመልሶ ያንኑ ሳል ሊያስል ይችላል። ስለዚህ ከመፍቻው በፊት የነገሩን ምንነት መረዳት ያተርፋል።

ብልጭታ ሳይኖር ማን ለኮሰው?

ኒኮላውስ ኦቶ እ.ኤ.አ. በ1876 በኮሎኝ አቅራቢያ በዶይትስ የሠራው ባለ አራት ምት ሞተር ሦስት ነገሮችን ይፈልጋል፦ አየር፣ ነዳጅና ብልጭታ። አሽከርካሪው ቁልፉን ሲዘጋ የሚያቋርጠው ሦስተኛውን ብቻ ነው። ወደ ቦቢናው የሚሄደው ኤሌክትሪክ ይቆማል፤ ካንዴላው መብረቁን ያቆማል። ካርቡሬተር ግን ኤሌክትሪክ አያውቅም። ፒስተኑ ወደ ታች በወረደ ቁጥር በሚፈጠረው የመሳብ ኃይል ብቻ ቤንዚኑን ከአየር ጋር ቀላቅሎ ያቀብላል። ሞተሩ ከነበረው ፍጥነት የተነሣ ጥቂት ዙር ሲሽከረከር ነዳጅና አየር መግባታቸው አይቀርም፤ የጎደለው ለኳሽ ብቻ ነው።

ያ ለኳሽ ሙቀት ነው። ማንኛውም ጋዝ በድንገት ሲታመቅ ይሞቃል፤ የብስክሌት ጎማ የነፋ ሰው የፖምፓው ጫፍ ሲግል በእጁ ያውቀዋል። ሩዶልፍ ዲዝል በአውግስበርግ እ.ኤ.አ. በ1897 የሠራው ሞተር ካንዴላ የማያስፈልገው አየሩን እስኪግል ድረስ ስለሚያምቅ ነው። የቤንዚን ሞተር እምቅታ ከዚያ ያነሰ ቢሆንም ቀላል አይደለም። 57 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሆነ ድብልቅ፣ ሙቀት ሳያመልጠው ቢታመቅ የት እንደሚደርስ ማስላት ይቻላል፦ እንደ ቮልስ 1200 ያለ 7 ለ 1 የሚያምቅ ሞተር ወደ 320 ዲግሪ ያደርሰዋል፤ እንደ መጀመሪያዎቹ ላዳዎች 8.5 ለ 1 የሚያምቅ 355 ዲግሪ ገደማ፤ 10 ለ 1 የሚያምቅ ደግሞ ወደ 385 ዲግሪ። ሞተሩ ግሎ ድብልቁ ከእምቅታ በፊት በ57 ፈንታ 87 ዲግሪ ቢሆን ደግሞ ያው 8.5 ለ 1 እምቅታ ከ410 ዲግሪ ያሳልፈዋል። ይህም ማለት መነሻው ላይ የተጨመረ 30 ዲግሪ መድረሻው ላይ ከ55 በላይ ሆኖ ይወጣል። ሞተሩ ጠዋት ቀዝቅዞ ሳለ በአንድ ቁልፍ ጸጥ ብሎ፣ ከሰዓት በኋላ ከረጅም መንገድ ሲመለስ የሚያምጸው በዚህ ምክንያት ነው።

ሙቀቱ ብቻውን አይበቃም፤ ጊዜም ያስፈልጋል። የቤንዚን ሞለኪውሎች በራሳቸው ከመቀጣጠላቸው በፊት የሚያልፉበት የኬሚካል ሂደት አለ፤ እርሱም በሺህኛ ሰከንዶች የሚለካ ፋታ ይጠይቃል። ሞተሩ በደቂቃ 4,000 ዙር ሲዞር አንድ የእምቅታ ምት የሚፈጀው 7.5 ሺህኛ ሰከንድ ብቻ ነው። በሚኒሞ፣ በደቂቃ 850 ዙር ገደማ፣ 35 ይሆናል። ቁልፉ ተዘግቶ ሞተሩ ወደ 300 ዙር ሲወርድ ግን 100 ሺህኛ ሰከንድ ይደርሳል። ድብልቁ ለመብሰል ሰፊ ጊዜ አገኘ ማለት ነው። ብዙዎች የሚስቱት ሌላ ነጥብም እዚህ ላይ አለ፦ የአየር መግቢያው በር አቀማመጥ ሳይለወጥ ሞተሩ ሲዘገይ፣ እያንዳንዱ ሲሊንደር አየር የሚስብበት ጊዜ ስለሚረዝም ይበልጥ ይሞላል። ይበልጥ የሞላ ሲሊንደር ሲታመቅ ግፊቱ ይጨምራል። ሞተሩ ሊሞት ሲል ነፍስ የሚዘራበት ምክንያት ከዚህ ይመነጫል፤ ከተቀጣጠለ በኋላ ፍጥነቱ ይጨምራል፣ ሲፈጥን ጊዜው ያጥራል፣ መቀጣጠሉ ይሳነዋል፣ ሲዘገይ እንደገና ይያዛል። ያ የሚቆራረጥ ሳል የዚህ ምልልስ ድምፅ ነው።

ከዚህ ላይ የፍም ነገር ይጨመራል። በፒስተኑ ራስና በቴስታታው ውስጥ ለዓመታት የተጋገረ ጥላሸት፣ የካንዴላ ጫፍ፣ የጭስ ማስወጫ ቫልቭ ጠርዝ፣ እነዚህ ሁሉ ግለው እንደ ምድጃ ፍም ይቆያሉ። ጥላሸት ሁለት ጥፋት አለው፤ አንደኛ ፍም ይይዛል፣ ሁለተኛ ቦታ ይይዛል። የያዘው ቦታ የማቃጠያውን ክፍል ስለሚያጠብብ 8.5 የነበረው እምቅታ ሳይታወቅ ከፍ ይላል።

ነዳጁም ከደሙ ንጹሕ አይደለም። የኦክቴን ቁጥር የሚነግረን ቤንዚኑ በራሱ ላለመቀጣጠል ያለውን ትዕግሥት ነው። ቶማስ ሚጅሊ በጄኔራል ሞተርስ ቤተ ሙከራ እ.ኤ.አ. በ1921 እርሳስ የያዘ ቅመም ቤንዚንን እንደሚያስታግሥ ካገኘ በኋላ፣ ለግማሽ ምዕተ ዓመት የተሠሩ ሞተሮች በዚያ መርዝ ላይ ተማምነው ተነደፉ። መርዙ የልጆችን አእምሮ እንደሚጎዳ ከተረጋገጠ በኋላ አገሮች አንድ በአንድ ተዉት፤ ከሰሃራ በታች ያሉ የአፍሪካ አገሮች እ.ኤ.አ. በ2006 መጀመሪያ፣ የመጨረሻዋ አገር አልጄሪያ ደግሞ በ2021። የአሮጌው ሞተር ዕጣ ግን በእጁ ባለው ቤንዚን ላይ ወደቀ። በጀርመን ማደያዎች ባለ 95 እና ባለ 98 ኦክቴን ይሸጣል። ከእ.ኤ.አ. 2011 ጀምሮ የቀረበው እስከ 10 በመቶ ኢታኖል ያለበት ቤንዚን ለካርቡሬተር ሁለት ፊት አለው፦ ኢታኖል ራሱ ኦክቴኑ ከፍተኛ ነው፤ በውስጡ ኦክስጅን ስላለ ግን ድብልቁን ጥቂት ያሳሳዋል፣ ለዚያ ያልተሠሩ የጎማ ቱቦዎችንም ይበላል። የቮልስ ባለቤቶች ባለ 98ቱን የሚመርጡት ለቅንጦት አይደለም።

አዲስ አበባ ላይ የተስተካከለ ካርቡሬተር

ኢትዮጵያውያንን በተለይ የሚመለከተው ጉዳይ ከፍታ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ፍራንክፈርት ከባሕር ጠለል ብዙም ከፍ አትልም፤ 110 ሜትር ገደማ ናት። ስለዚህ አንድ ሞተር ፍራንክፈርት ላይ አዲስ አበባ ከሚተነፍሰው አየር በሲሦ የሚበልጥ ይተነፍሳል። ሞተሩ ያልተለወጠ ቢመስልም የሚታመቀው ነገር ተለውጧል።

ካርቡሬተር የአየሩን ክብደት ሳይሆን የሚያልፍበትን ፍጥነት የሚሰማ መሣሪያ ነው፤ አየሩ ሲሳሳ ነዳጁን በዚያው ልክ አይቀንስም። ለባሕር ጠለል የተስተካከለ ካርቡሬተር አዲስ አበባ ላይ በ12 በመቶ ገደማ የበለጸገ ድብልቅ ይሰጣል። ያልተቃጠለው ትርፍ ጥላሸት ይሆናል፤ በመገናኛና በፒያሳ መጨናነቅ ውስጥ በአጭር በአጭሩ የምትነዳ መኪና ደግሞ ጥላሸቱን የምታራግፍበት ዕድል የላትም። ሆኖም ስሱ አየር ግፊቱን ስለሚቀንስ ሞተሩ በከተማው ውስጥ ቁልፉን ይታዘዛል። ባለቤቱ በዓል ለማክበር ቁልቁል ወርዶ አዳማን አልፎ ወደ መተሐራ ሲዘልቅ ከ1,000 ሜትር በታች ይደርሳል። አየሩ ይከብዳል፣ ይሞቃል፤ ለወራት የተከማቸው ጥላሸት ፍም ይሆናል። ምሳ ለመብላት ቆሞ ቁልፉን ሲዘጋ ሞተሩ ይቀጥላል። አዲስ አበባ ያልታየ ሕመም መተሐራ ላይ ታየ ብሎ የሚገረመው ሰው ቤንዚን ሻጩን ይጠረጥራል፤ ሕመሙ ግን አብሮት የወረደ ነው። በአሜሪካ ተራራማ ግዛቶች ዝቅተኛ ኦክቴን ያለው ቤንዚን ለረጅም ጊዜ ሲሸጥ የኖረውም በዚሁ ሒሳብ ነው፤ ከተራራው የወረደ መንገደኛ ታንኩን እዚያው ሞልቶ ከሆነ ችግሩ ይጀምረዋል።

የተገላቢጦሹም አለ። አዲስ አበባ ላይ የነበረ መካኒክ ድብልቁን አሳስቶ፣ መካኒኮች ታይሚንግ የሚሉትን የብልጭታ ጊዜ አስቀድሞ ያስተካከለው መኪና በመርከብ ወደ ጀርመን ቢሄድ፣ በወፍራም አየር ውስጥ ድብልቁ ከሚገባው በላይ ይሳሳል፤ ሞተሩም ይግላል። እንዲህ ያለ መኪና ኒደርራድ ሲደርስ መጀመሪያ የሚያስፈልገው አዲስ ዕቃ ሳይሆን እንደገና መስተካከል ነው።

ከፍታ የሚያሳስተው ሌላም መለኪያ አለ። የሲሊንደር ግፊት በጌጅ ሲለካ በባሕር ጠለል 8 ባር የሚያሳይ ጤነኛ ሞተር አዲስ አበባ ላይ 6 ባር ገደማ ያሳያል። የጀርመኑን የፋብሪካ መጽሐፍ ይዞ አዲስ አበባ ላይ የለካ ሰው ጤነኛውን ሞተር «አርጅቷል» ብሎ ሊያስፈታው ነው። በተቃራኒው አዲስ አበባ ላይ መጽሐፉ የሚለውን ቁጥር የሚያሳይ ሞተር ቢገኝ፣ ሞተሩ በጥላሸት መጥበቡን መጠርጠር ይገባል።

መፍቻ ከማንሣት በፊት የሚጠየቅ ጥያቄ

የመጀመሪያው ጥያቄ የጆሮ ነው። ቁልፉ ከተዘጋ በኋላ ሞተሩ የሚዞረው እየተንገጫገጨ ነው ወይስ ምንም እንዳልሆነ በለስላሳ ሚኒሞ? ለስላሳ ከሆነ ጉዳዩ ከላይ የተተረከው አይደለም፤ ኤሌክትሪኩ አልተቋረጠም ማለት ነው። በጀርመን መኪኖች ቦቢና ላይ 15 የሚል ቁጥር ያለበት መገናኛ ከቁልፉ የሚመጣውን ኤሌክትሪክ የሚቀበል ነው። አምፖል ያለው መፈተሻ እዚያ ላይ አድርጎ ቁልፉን መዝጋት በቂ ነው፤ አምፖሉ ካልጠፋ ጥፋቱ በቁልፉ መቀያየሪያ ወይም በሽቦዎቹ ነው። አሮጌው ዲናሞ ወጥቶ በአልተርኔተር የተተካባቸው መኪኖች ላይ፣ ኤሌክትሪክ በባትሪ ማስጠንቀቂያው መብራት በኩል ወደ ኋላ ተመልሶ ቦቢናውን ሲመግብ መገኘቱ የታወቀ ነው። ይህን ሳያረጋግጡ ካርቡሬተር መፍታት በሌላ ሰው ቤት ሌባ እንደ መፈለግ ነው።

አምፖሉ ከጠፋና ሞተሩ እየተንገጫገጨ ከቀጠለ ወደ ሚኒሞ ይኬዳል። ከሁሉ የሚቀለውና ከሁሉ የሚበዛው መንሥኤ ይህ ነው። ሚኒሞው ከፍ ብሎ ከሆነ የአየር በሩ ከሚገባው በላይ ተከፍቷል፤ ቁልፉ ሲዘጋም የሚገባው አየርና ነዳጅ ብዙ ነው። ሞተሩ በሚኒሞ አልቆም ሲል ብሎኑን ማጥበቅ የለመደ እጅ ሳያውቀው ይህን ችግር ይተክላል። በደቂቃ 800 ወይም 900 ዙር ላይ መመለስ፣ በዚያ ላይ ካልቆመ ደግሞ ያልቆመበትን ምክንያት መፈለግ ተገቢ ነው፦ የተሰነጠቀ የአየር ቱቦ፣ የላላ የካርቡሬተር ማሠሪያ፣ የተበላ ፑንቲና።

ቀጥሎ የምትመጣው በካርቡሬተሩ ጎን ላይ የተሰካች፣ አንዲት ሽቦ የምትገባባት ትንሽ ቫልቭ ናት። ቮልስዋገን ከ1960ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ጀምሮ በሶሌክስ ካርቡሬተሮቹ ላይ ያስገባት ለዚሁ ችግር ብሎ ነው፤ የኋለኞቹ ላዳዎችም ተመሳሳይ አላቸው። ኤሌክትሪክ ሲኖር መርፌዋ ተስባ የሚኒሞውን ነዳጅ ታሳልፋለች፤ ቁልፉ ሲዘጋ መርፌዋ ተመልሳ መንገዱን ትደፍናለች። አፈታተሿ ቀላል ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ቁልፉ ተከፍቶ ሳለ ሽቦዋ ተነቅላ ስትነካ «ጠቅ» ማለት አለባት። ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ ሽቦዋ ስትነቀል ደግሞ ሞተሩ ወዲያውኑ መጥፋት አለበት። «ጠቅ» ብላ ሞተሩ ካልጠፋ፣ ሞተሩ ነዳጅ የሚያገኘው በሌላ መንገድ ነው፤ የአየር በሩ ከመጠን በላይ ተከፍቷል ማለት ስለሆነ ወደ ሚኒሞው ይመለሱ። ቫልቯ ተበላሽታ መኪና መንገድ ላይ ስትቆም መርፌዋን ቆርጦ መልሶ መስካት በብዙ አገሮች የታወቀ የችግር ቀን ዘዴ ነው። መኪናዋ ትሄዳለች፤ ዘብ የሌለው በር ይዛ ነው እንጂ። ያገለገለ መኪና የገዛ ሰው ቫልቯን ፈትቶ መርፌዋ መኖሯን ቢያይ አይከስርም።

ከዚያ በኋላ ታይሚንግ ይታያል። ብልጭታው ከሚገባው ዘግይቶ ከመጣ ቃጠሎው ወደ ጭስ ማውጫው ስለሚዘልቅ ቫልቩና ቴስታታው ይግላሉ። በ1970ዎቹ የአሜሪካ መኪኖች በዚህ ችግር የታወቁት በአጋጣሚ አይደለም፤ የብክለት ሕግ ለማሟላት ድብልቁ እንዲሳሳ፣ ብልጭታው በሚኒሞ እንዲዘገይ፣ የአየር በሩም ከፍ እንዲል ተደርጎ ነበር። ሦስቱም ወደ አንድ አቅጣጫ ይገፋሉ።

ስለ ካንዴላ አንድ ወጥመድ መጥቀስ ያስፈልጋል። ካንዴላዎች ሙቀት በሚያስተላልፉበት ፍጥነት «ሞቃት» እና «ቀዝቃዛ» ተብለው ይከፈላሉ። በቦሽ ካንዴላ ላይ ያለው ቁጥር ሲጨምር ካንዴላው ሞቃት ይሆናል፤ በጃፓኑ ኤንጂኬ ላይ ግን ቁጥሩ ሲጨምር ቀዝቃዛ ነው። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ሄዶ «ቁጥሩ አንድ ከፍ ያለውን ስጠኝ» ያለ ደንበኛ የፈለገውን ተቃራኒ ይዞ ሊመለስ ይችላል። ከመጠን በላይ ሞቃት የሆነ ካንዴላ ነጭ፣ የተቃጠለ ጫፍ ያሳያል፤ በሲሊንደሩም ውስጥ እንደ ሻማ እየነደደ ይቀራል።

ማቀዝቀዣውም ሊረሳ አይገባም። ቮልስ ውኃ የላትም፤ የምትቀዘቅዘው ማራገቢያው በቆርቆሮ ቦይ እየመራ በሚያመጣው አየር ነው። ሞተሩን አውርዶ የመለሰ ሰው «ትርፍ» ብሎ የጣላት አንዲት ቁራጭ ቆርቆሮ ወይም የበሰበሰች የጎማ መደፈኛ ሙቅ አየር ወደ ማራገቢያው እንዲመለስ በር ትከፍታለች። ውኃ ባላቸው መኪኖች ላይ ቴርሞስታትና ራዲያተር ይታያሉ። ይህ ሁሉ ደህና ሆኖ ሳለ ነው ወደ ጥላሸቱ የሚኬደው፤ በካንዴላው ቀዳዳ በሚገባ ቀጭን ካሜራ ማየት ይቻላል፤ መፍታት የመጨረሻው ነው።

የሚያስከትለው ጉዳት

ቁልፉ ተዘግቶ ለሁለት ሰከንድ የሚያጉረመርም ሞተር ወዲያውኑ አይሞትም፤ ለዚህም ነው ብዙ ሰው የሚታገሠው። ነገር ግን በብልጭታ ያልተመራ ቃጠሎ ፒስተኑ ገና እየወጣ ሳለ ሊነሣና በላዩ ላይ ሊወርድበት ይችላል። ያ መኪናውን የሚነቀንቀው የመጨረሻ ምት ብዙ ጊዜ ይህ ነው፤ ሞተሩን ወደ ኋላ ይገፈትረዋል። አልፎ አልፎ ሞተሩ ወደ ኋላ መዞር ይጀምራል፤ ያን ጊዜ የዘይት ፖምፓውም ወደ ኋላ ስለሚዞር ዘይት ወደ ብረቶቹ መድረሱን ያቆማል። ሳይቃጠል የወጣ ቤንዚን ደግሞ ማርሚታው ውስጥ ተጠራቅሞ ሊፈነዳ ይችላል። ከሁሉ የከፋው አደጋ ግን በሰው ላይ ነው፦ እንዲህ ያለ የተበላሸ ቃጠሎ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያመነጫል፤ ሽታም ቀለምም የለውም። በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ «ራሱ ይጠፋል» ብሎ በሩን ዘግቶ መቆም የለም።

በዚያች ቅጽበት የሚደረገው ነገር ቀላል ነው። በእጅ ማርሽ ያለው መኪና ከሆነ ፍሬኑን አጥብቆ ረግጦ፣ ከፍ ያለ ማርሽ አስገብቶ ፍሪሲዮኑን ቀስ እያሉ መልቀቅ፤ ሞተሩ ይታነቃል። አውቶማቲክ ከሆነ ፍሬን ተረግጦ ማርሹ በመንጃው ላይ እንዳለ ቁልፉን መዝጋት፣ ከዚያ ወደ ማቆሚያው መመለስ። ቤንዚን መርገጥና እጅን ወደሚዞር ማራገቢያ መስደድ ግን አይገባም።

በናፍጣ ለሚሄዱ መኪኖች ነገሩ ፈጽሞ ሌላ ነው። ብልጭታ ስለሌላቸው የሚጠፉት ነዳጃቸው ሲቋረጥ ብቻ ነው። በጀርመን የታክሲ ተራዎች ለዓመታት የታየው መርሰዲስ ደብሊው 123 የናፍጣ ሞተር ቁልፉ ሲዘጋ የሚጠፋው በአየር መሳብ ኃይል ነው፤ በቀጭን ቱቦ የሚመጣው ይህ ኃይል ነዳጅ መቁረጫውን ይስበዋል። አንዲት ቱቦ ከተሰነጠቀች፣ የበር መቆለፊያው ቱቦ እንኳ ብትሆን፣ ቁልፉ ተዘግቶ ሞተሩ በሰላም መሥራቱን ይቀጥላል። ፋብሪካው ይህን አስቦ ኮፈኑ ሥር «ስቶፕ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ቀይ ማንሻ አስቀምጧል፤ እርሱን መጫን ነው። እዚያ ላይ ካርቡሬተርም ካንዴላም መፈለግ ድካም ነው፤ የሚፈለገው የተሰነጠቀው ቱቦ ነው።

በአዳዲስ የቤንዚን መኪኖች ይህ ችግር ጠፍቷል ማለት ይቻላል። ቮልስዋገን 1600 እ.ኤ.አ. በ1967 የቦሽን በኤሌክትሮኒክስ የሚመራ የነዳጅ መርጫ ከተቀበሉት የመጀመሪያዎቹ ብዙ የተመረቱ መኪኖች አንዱ ነበር። በመርጫ የሚሠራ ሞተር ቁልፉ ሲዘጋ ብልጭታውንም ነዳጁንም በአንድ ጊዜ ያጣል፤ ፍም ቢኖርም የሚነድ የለም። ቮልስ ራሷ በሜክሲኮ ፑዌብላ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 30 ቀን 2003 ለመጨረሻ ጊዜ ስትመረት በነዳጅ መርጫ ነበር። በኢትዮጵያ ደግሞ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ወስኗል፤ አሁን ያሉት ቮልሶችና ላዳዎች ተተኪ የላቸውም፤ ካርቡሬተር የሚሰማ ጆሮ ያላቸው አንጋፋ መካኒኮችም እንዲሁ።

ጥገናው መሳካቱን ለማወቅ ቆሞ ማስነሣት አይበቃም። መኪናው ቢያንስ ግማሽ ሰዓት በሚያግል መንገድ መነዳት አለበት፤ ለኒደርራድ ነዋሪ አውቶባን ቅርብ ነው፣ ለአዲስ አበባው ደግሞ የአዳማ መንገድ። ሲመለስ ሠላሳ ሰከንድ ያህል በሚኒሞ ይቆይ፤ ከዚያ ቁልፉ ይዘጋ። ሞተሩ በሁለት ወይም በሦስት ዙር ውስጥ ጸጥ ካለ ሥራው አልቋል። ካልሆነም ከአምፖሉ ይጀመራል፤ ቴስታታው ይቆይ።